«ፍሪጅ ሠሪ ሆንክ?» እና ሌሎች የምሰማቸው ነገሮች

የመኪና ሞተር ማቀዝቀዣና ኤሲ ላይ በጀማሪ ኢንጂነርነት ሥራ ስይዝ አጎቴ «ይሄን ሁሉ ዓመት መካኒካል ተምረህ ፍሪጅ ሠሪ ሆንክ?» አለኝ። ቀልዱን ነው። ከዚያ ወዲህ የምሰማው ግን ከሱ ብዙም አይርቅም።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፤ እዚህ ሞተር ምን ያሞቀዋል?» በጣም የሚያሳስተው ይሄ ነው። ከተማችን ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው (ባቄላ መብሰል አልፈልግ የሚለውም ለዚሁ ነው)። አየሩም ከባህር ጠለል ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ከራዲያተሩ (የሞተሩ ውሃ ከሚቀዘቅዝበት) ላይ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ያንሳል።

ሞተር ደግሞ የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ውሃው ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አምቆ ስለሚይዝ ነው፤ ግፊት ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም ከፍ ይላል። ሥራ በጀመርኩ በወሩ፣ ከለገሃር ወደ ፒያሳ የቸርችልን ዳገት በወጣ ቁጥር የሚፈላ ሚኒባስ መጣልን። ሹፌሩ የውሃ ፓምፕ ቀይሯል፣ ራዲያተር አሳጥቧል፣ ብሩንም ጨርሷል። ክዳኑን በግፊት መለኪያ ሞከርነው። ላዩ ላይ 0.9 ባር ግፊት ይላል፤ እሱ ግን ገና 0.3 ላይ ፊሽ ማለት ጀመረ። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በቃ፣ እሱ ነበር። ሹፌሩ ክዳኑን እያገላበጠ አይቶ «በዚች?» አለ።

«ከፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው።» ተዉ! ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ ሞቆ ልኩ ላይ እንዲቆይ የሚያደርግ በር ነው። ሲወጣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይሄዳል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሞተሩም ቶሎ ያልቃል። ያፈላው ነገር ግን እዚያው ተቀምጧል።

«የኤሲ ጋዝ በየዓመቱ ይሞላል።» ጋዙ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፤ ዝግ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው። በየዓመቱ ካለቀ የሚሾልክበት ቦታ አለ። እሱን ሳይፈልጉ መሙላት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

«ኤሲ ለቆላ ነው» ለሚሉም፦ ነሐሴ ላይ ሜክሲኮ ዝናብና መንገድ መዘጋጋት አንድ ላይ ይዟችሁ መስታወቱ ጉም ሲለብስ፣ ኤሲውን ከሙቅ አየር ጋር ክፈቱት። እርጥበቱን ይለቅመዋል። በእጅጌ መወልወል ቀረ።

«ጀማሪ ኢንጂነር ቢሮ ቁጭ ብሎ ዲዛይን ይሠራል» የሚለው እኔንም አታሎኛል። እውነቱ፣ ቀኑን ሙሉ ቱቦ ላይ የሙቀት መለኪያ ሽቦ እየለጠፍኩ ቁጥር እመዘግባለሁ። አንዱ ሽቦ በደንብ ካልተለጠፈ ቁጥሩ የሚያወራው ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ ውጭው አየር ነው፤ እንደ ገና ከመጀመሪያው።

የመጨረሻው፦ «ኤሌክትሪክ መኪና መጣ፤ የናንተ ነገር አለቀለት።» በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በየቀኑ እሰማዋለሁ። እንዲያውም ሥራው ጨመረ። ባትሪ ሲግልም ሲበርደውም አይወድም፤ ብዙዎቹ መኪኖች ላይ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ያው የኤሲው ጋዝ ነው። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር የሚዞረው በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ ዘይቱም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዓይነት መሆን አለበት፤ ከነዳጅ መኪና የተረፈውን ጨምሮ መገላገል የለም። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ ደግሞ፣ ሥልጠናውን ሳትወስዱ እጃችሁን እንዳትሰዱ።