የመኪና ሰብዉፈርና ሳጥኑ በጎጃም፦ ከፍተኛው ቤዝ ከየት ይመጣል?

ሰብዉፈር ዝቅተኛውን የሙዚቃ ድምፅ፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ነው። በአብዛኛው ከ20 እስከ 100 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ያለውን ይሸፍናል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉ የጎጃም ከተሞች በአባዱላና በዶልፊን ሚኒባሶች፣ አንዳንዴም በባጃጅ ላይ ተገጥሞ ይገኛል። የእስክስታ ዘፈን ሲከፈት ከበሮውን ደረት ላይ የሚያሳርፈው እሱ ነው።

ድምፅ ሲያንስ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ትልቅ አምፕ፣ ማለትም ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠውን ማጉያ መግዛትን ነው። አዋጪ አይደለም። የአምፑ ኃይል፣ ማለትም ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሯችን ግን ድምፁ እጥፍ ሆነ የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨመር ነው፤ ይህም አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ማክስ ዋትም ማንንም አያታልል፤ መታየት ያለበት አርኤምኤስ የሚለው፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡ መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ ይውላል።

ስፒከሩ ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ተቃራኒ ግፊት ይፈጠራል። ሳጥን ከሌለ ሁለቱ ይገናኙና አንዱ ሌላውን ያጠፋል። ቱቦ የሌለው ድፍን ሳጥን ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ለጩኸት ግን ቱቦ ያለው ሳጥን ይበልጣል፤ በዚያው ዋት 3 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። የጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ ጠርሙሱ እንደሚያፏጨው ሁሉ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በራሱ ቃና ይርገበገባል።

ቃናውን የሚወስኑት የሳጥኑ ይዘት፣ የቱቦው ስፋትና ርዝመት ናቸው። ለምሳሌ 50 ሊትር ሳጥን 35 ኸርዝ ላይ እንዲጮህ ከተፈለገ፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው የ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይቆረጣል። ድምፁ ሲከፈት ይህ ቱቦ ጠቦ ሊያፏጭ ይችላል። የ160 ሚሊ ሜትሩ አያፏጭም፤ ግን ርዝመቱ ከ75 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ቱቦው ራሱ የሚይዘው ቦታም ከ50 ሊትሩ ውጭ መታሰብ አለበት። ከቃናው በታች ያለ ድምፅ ሲመጣ ስፒከሩ የሚደግፈው አየር ያጣል፣ ከልክ በላይ ይዘላል፣ ሊበጠስም ይችላል። አምፑ ላይ ሰብሶኒክ የሚለው ማጣሪያ ካለ ከቃናው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይደረጋል።

የሳጥኑ እንጨት 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ቢሆን ይመረጣል። ስስ ከሆነ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ጉልበቱን ይበላዋል። መገጣጠሚያው በኮላና በብሎን ይጠበቅና ከውስጥ ሲሊኮን ይቀባል። ድፍን ሳጥን አየር ማስወጣቱን ለማወቅ ስፒከሩን በጣቶች ቀስ አድርጎ መጫን ነው፤ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ቶሎ ከተመለሰ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል።

የስፒከሩ ስፋትም ዋጋ አለው። ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ከአንድ ባለ 12 ኢንች የበለጠ አየር የሚገፋ ገጽ አላቸው።

ከሳጥኑ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ነው። 500 ዋት አርኤምኤስ የሚሰጥ ዘመናዊ ዲ ክላስ (ኃይል ቆጣቢ) አምፕ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 45 አምፔር ገደማ ይስባል። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፑም ይደክማል። የፊት መብራቱ ከቤዙ ምት ጋር ደብዘዝ ካለ ምልክቱ ያው ነው። ኔጌቲቩ ቀለሙ የተፋቀ ሻሲ ላይ በደንብ ይታሰር። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ያለ ፊውዝ የተዘረጋ ገመድ ሻሲ ከነካ እሳት ያስነሳል። አምፑ ላይ ያለው ጌይን የሚባለው ቁልፍ አምፑን ከሬዲዮው ምልክት ጋር ማስማሚያ እንጂ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ መመለስ አለበት።

የጎጃም ከፍታም ድርሻ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር፣ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ስፒከር ያንኑ ያህል ቢዘልም፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ድምፁ ከባሕር ጠረፉ 2 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከፊሉ ይመለሳል። ይህን ጉድለት በዋት ለማካካስ አምፑን ከግማሽ በላይ ማሳደግ ይጠይቃል፤ ሳጥኑን ዞር አድርጎ ፊቱን ወደ ኋላው በር ማድረግ ግን ምንም አያስወጣም፣ በብዙ መኪኖችም ቤዙን ይጨምራል።