ከዓይን ሌዘር በኋላ የኮርኒያ ማገገም ምንድን ነው?

ሩቅ ማየት ለሚቸግረው ሰው የሚደረገው የዓይን ሌዘር በደቂቃዎች ያልቃል። ጥርት ያለው ዕይታ የሚመጣው ግን ቀስ እያለ ነው። ቀሪውን ሥራ የሚጨርሰው ኮርኒያው ራሱ ነው፤ የኮርኒያ ማገገም የሚባለውም ይኸው ነው።

ኮርኒያ ማለት ከዓይናችን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሌዘሩ መሃሉን በስሱ ልጦ ጠፍጠፍ ያደርገዋል፤ ያኔ ከሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ካለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ፊት ይሰበሰብ የነበረው ብርሃን ሬቲናው ላይ ያርፋል።

ፒአርኬ በሚባለው አሠራር መጀመሪያ የኮርኒያው የላይኛው ልባስ፣ ኤፒቴሊየም፣ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቀላል አይደሉም፤ ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል፣ ብርሃን ያስጠላል። አዲሶቹ ሴሎች ከዳር ወደ መሃል እየተሳቡ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ቁስሉን ይዘጉታል። እስከዚያ መከላከያ ኮንታክት ሌንስ ይደረጋል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፦ ቁስሉ ሲዘጋ ዕይታ ጭራሽ ብዥ ሊል ይችላል። «በቃ፣ ጉድ ሆንኩ» ያሰኛል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ከየአቅጣጫው የመጡት ሴሎች የሚገጣጠሙት መሃል ላይ፣ ልክ በምናይበት ቦታ ነው። መጋጠሚያው ወጣ ገባ ነው። እስኪለሰልስ ሳምንታት፣ ዕይታው እስኪረጋ ደግሞ ወራት ይፈጃል። በዚህ መሃል ስልክ ማንበብ ቢቸግር ወይም አንዱ ዓይን ከሌላው ቢቀድም ብዙም አይገርምም።

ላዚክ የሚባለው ሌላው አሠራር ይፈጥናል። ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ተቆርጦ ይገለጣል፣ ሌዘሩ ከሥሩ ይሠራል፣ ክዳኑ ይመለሳል። ብዙዎች በማግስቱ ደህና ያያሉ። ዋጋው ሌላ ነው፦ ከክዳኑ ጋር ነርቮችም ስለሚቆረጡ ዓይን ለወራት ሊደርቅ ይችላል። ዓይንን ጨፈን ከፈት ሲያደርጉ የሚጠራ ብዥታ አብዛኛውን ጊዜ የድርቀት ነው። ክዳኑም የቀድሞ ጥንካሬውን ስለማያገኝ ዓይንን ማሸት ክልክል ነው።

ማታ መብራት ዙሪያ የሚታየው ቀለበት ለብዙዎች በወራት ውስጥ ይቀንሳል። እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መቅላት ወይም ድንገት የወረደ ዕይታ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ነው።

አንዳንዱ ከ40 ዓመት በኋላ የንባብ መነጽር ሲያስፈልገው ሌዘሩን ይወቅሳል። ያ ከኮርኒያ ጋር አይገናኝም፤ እየጠነከረ የሚሄደው ዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ነው።