የወሎ አሮጌ ናስ፦ ከማጀት እስከ ሐራጅ

ደሴ ወይም ሐይቅ አካባቢ የድሮ ሰው ቤት ገብታችሁ ማጀቱን ብታዩ፣ ከእንስራውና ከጀበናው ጀርባ አንድ የጠቆረ ናስ አታጡም። ኩስኩስት ሊሆን ይችላል። ትሪ፣ ማንቆርቆሪያ ወይም ቅመም የሚወቀጥበት ትንሽ ሙቀጫም ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ዘንድ ደግሞ መስቀሉ፣ ጽናው፣ ጸናጽሉና ቃጭሉ አለ። የቤቱን ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ከዘመድ፣ አንዱ ከገበያ፣ አንዱ ከጨረታ ያገኘዋል። ዕቃውን ማወቅ ቀላሉ ነው። ከባዱ የማን እንደነበር ማወቅ ነው፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀውም እሱን ነው።

አያቴ አንድ ኩስኩስት ነበራት። እጀታው ተነቅሎ በሦስት ትንንሽ ችንካር ተጠግኗል። እንግዳ ሲመጣ እጅ የሚታጠበው በእሱ ነው። ጎረቤታችን የነበሩት ሽማግሌም እኛ ቤት ቡና ላይ እያሉ የሶላት ሰዓት ከደረሰ ውዱእ የሚያደርጉት በእሱ ነበር። አያቴ ካረፈች በኋላ አንድ ቀን ልዋጭ መጣና በፕላስቲክ ባልዲ ተለወጠ። ማዘናችንን ያየ ዘመድ «አብሽሩ፣ ሌላ ይገዛል» አለን። እኔ ግን እስካሁን አሮጌ ዕቃ በተደረደረበት ሁሉ ሦስቱን ችንካር እፈልጋለሁ።

ሰዉ ሁሉንም «ናስ» ይለዋል እንጂ ነገሩ ሦስት ነው። መዳብ ብቻውን ቀላ ይላል። መዳብና ዚንክ ሲቀላቀሉ ቢጫው ናስ ይወጣል። መዳብና ቆርቆሮ ሲቀላቀሉ ደግሞ ነሐስ ይሆናል፤ ወደ ቡናማ ያደላ ወርቅማ መልክ አለው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲመቱት ድምፁ ቶሎ አይጠፋም፤ ደወል ከእሱ የሚሠራው ለዚህ ነው። ቆርቆሮ ስል የጣሪያውን ማለቴ አይደለም፤ ነጭና ለስላሳ የሆነውን ማዕድን ነው። ሦስቱንም ማግኔት አይስባቸውም። ማግኔቱ ከያዘ ውስጡ ብረት ነው፣ ላዩ ብቻ ተለብጧል። አንዲት ትንሽ ማግኔት ኪስ ውስጥ መያዝ ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

እኛ ጋ ወጡ የሚሠራው በሸክላ ድስት ስለነበር፣ ከወሎ ቤት የሚወጣው ናስ ይበልጥ የማቅረቢያና የማስታጠቢያ ዕቃ ነው። የመዳብ ድስት ካገኛችሁ ግን ውስጡን እዩ። መዳብ ሙቀት ቶሎ ያዳርሳል፤ ችግሩ ቲማቲም ወይም ሎሚ የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ወደ ምግቡ ይሟሟል፣ ሰውም ይመርዛል። ስለዚህ ውስጡ በቆርቆሮ ይለበጣል። ልባጡ ተፍቆ ቀዩ ከታየ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ እንጂ ወጥ አይሠራበትም።

መስቀልና ቃጭል የሚወጣው በሰም ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል። በጭቃ ይሸፍነዋል። እሳት ላይ ሲያደርገው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ማዕድን ይፈስበታል። የቅኔው «ሰምና ወርቅ» ስሙን ያገኘው ከዚህ የአንጥረኛ ሥራ ነው። ጭቃው ተሰብሮ ስለሚወጣ አንድ ሰም የሚሰጠው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። እናም «የጥንት ነው» ተብለው የቀረቡላችሁ ሁለት መስቀሎች ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆኑ ጠርጥሩ።

ስለ ገበያ ካነሳን ባቲ አለ። ሰኞ ሰኞ ይቆማል፤ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው፣ የብር ጌጥና ጠገራ ብርም ይገኝበታል። ጠገራው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ከ6 እጁ 5ቱ ንጹህ ብር ነው። ላዩ ላይ ያለው 1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታውም ሁሉ ይኸንኑ ዓመት ስለያዘ ዕድሜውን አይነግራችሁም። አንጥረኛው ጠገራውን እያቀለጠ ድሪ፣ አልቦና የአንገት መስቀል ሠርቶበታል።

ጨረታው ላይ ስንመጣ ዓይነቱ ይለያያል። አንዱ የፍርድ ቤትና የባንክ ሐራጅ ነው። መነሻ ዋጋ ይወጣል፣ ተጫራቹ ብዙ ጊዜ የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ ያስይዛል። እዚያ የሚሸጠው በአብዛኛው ቤትና መኪና ነው፤ ናስ ቢኖር እንኳ «ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ» ከሚለው ጋር ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ሌላው በንግሥ ቀን የሚደረገው የስለት ጨረታ ነው። ጥላው፣ ምንጣፉ፣ በጉ ይቀርባል፤ አጫራቹ ማይክ ይዞ ዋጋ ይጠራል። ሰው የሚጨምረው ለበረከት ስለሆነ ዋጋው ከገበያው በላይ ይወጣል። ያምራል፣ እኔም ወድጄ እሳተፋለሁ፤ ስብስብ የሚጀመርበት ቦታ ግን አይደለም።

ንዋየ ቅድሳት የስብስብ ዕቃ አይደለም። አንድ ሰው «ከደብር የወጣ ነው» ብሎ መስቀል ካሳያችሁ እንዴት ወጣ ብላችሁ ጠይቁት። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ቤልጅየም ውስጥ አንድ ሰብሳቢ እጅ ነው የተገኘው። ሰውየው ገዝቶት ነበር። እንደ እድል የታወቀ መስቀል ስለነበር ከዓመታት በኋላ ላሊበላ ተመልሷል።

ወሎ ውስጥ ስለተደረገ ሐራጅ ሲወራ ግን ደላንታን የሚያህል የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ምሽጉንም የመድኃኔዓለምንም ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ። የተዘረፈው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ደረሰ። እዚያ ሁለት ቀን ሐራጅ ተባለ። ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ፣ ሁሉም ዋጋ ተጠራበት። የብሪቲሽ ሙዚየም መልክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ መግዣ ገንዘብ ይዞ መጥቶ ስለነበር ዋናው ገዢ እሱ ሆነ። 5,000 ፓውንድ ገደማ ተሰብስቦ ለወታደሩ ተከፋፈለ። አጫራች ነበረ፣ ተጫራች ነበረ፣ ገንዘቡም በደንብ ተከፍሏል፤ ባለቤቱ ብቻ አልነበረም። ደላንታ ዛሬ በኦፓሏ የምትታወቅ የደቡብ ወሎ ወረዳ ናት፤ ባለፍኩ ቁጥር ሜዳውን ሳላይ አልሄድም።

ከመቅደላ ያልተወሰደው ትልቁ ነሐስ ሴባስቶፖል ነው። ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ 7 ቶን የሚጠጋ ሆኖ፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ ገደሉን ሁሉ በሰው ጉልበት ተጎትቶ የደረሰ መድፍ ነው። አሁንም እዚያው ተራራ ላይ አለ።

የሄደውም ዛሬ ድረስ ጨረታ ላይ ብቅ ይላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ሊሸጡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ኢትዮጵያ ስለጠየቀች ከጨረታው ወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ዘውድ፣ ጋሻ፣ በብር የተለበጡ የቀንድ ዋንጫዎችና መስቀሎች አገራቸው ገቡ። የካቲት 2016 ዓ.ም. ላይም አንድ የመቅደላ ጋሻ ኒውካስል ከተማ ከጨረታ ተነስቷል።

አሁን ዕቃው እጃችሁ ገብቷል እንበል። መጀመሪያ ገልብጡት። በእጅ የተሠራ አሮጌ የመዳብ ዕቃ ቂጡና ጎኑ የተያያዘበት ላይ ብዙ ጊዜ እንደ መጋዝ ጥርስ የተጠላለፈ መስመር ይታያል። ከዚያ እጅ የሚነካውን ቦታ ዳብሱ፤ እጀታውና የአፉ ጠርዝ ከሌላው በልጦ መለስለስ አለበት። ከላይ እስከ ታች እኩል አረንጓዴ የሆነ ዕቃ አያሳምነኝም፣ አሲድ ቀብቶ ማስረጀት ቀላል ነው። የተጠገነ ዕቃ ግን አትናቁ።

ማጽዳቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እናቶቻችን በአመድና በሎሚ ፈግፍገው ያንጸባርቁት ነበር፤ በየቀኑ ለሚሠራበት ዕቃ ትክክል ነው። ለሚቆይ ዕቃ ግን ሎሚው ዘመን ያለበሰውን መልክ ይልጠዋል፣ ከዚያ አይመለስም። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ደረቅ ጨርቅ። በቃ።

ሕጉ አጭር ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ በእጁ ያለ ሰውም ማስመዝገብ አለበት። መመዝገብ ለምን እንደሚጠቅም ደሴ አሳይታናለች። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ውስጥ የነበረው ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል። ፎቶና መዝገብ ያለው ዕቃ ነገ አንድ ሱቅ ውስጥ ቢታይ ይለያል፤ የሌለው ከሌላው ናስ ጋር በኪሎ ይመዘናል።

እኔ በምገዛው ዕቃ ሁሉ ሆድ ውስጥ አንድ ወረቀት አስቀምጣለሁ። ከማን፣ የት፣ መቼ፣ በስንት፣ ምን ይሠሩበት ነበር። ኮምቦልቻ ከአንዲት እናት በገዛሁት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያለው ወረቀት «ከእናታቸው የወረሱት፤ ክዳኑ ወረኢሉ እህታቸው ጋ ቀርቷል» ይላል። ለጥምቀት ወረኢሉ እወርዳለሁ።