በልጆች ከባድ የጥርስ ኢንፌክሽን የአንቲባዮቲክ አመራረጥ

በልጆች ላይ የሚታየው ከባድ የጥርስ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሳይታከም ከቆየ የተቦረቦረ ጥርስ ነው። ባክቴሪያዎቹ በቀዳዳው ገብተው የጥርሱን ነርቭ ሲገድሉት መግሉ በሥሩ ጫፍ ወጥቶ ድዱ ሥር ይቋጠራል፤ ሲብስም ወደ ጉንጭ፣ ወደ ዓይን ዙሪያ ወይም ወደ አንገት ይዛመታል። በሞተው ጥርስ ውስጥ ደም ስለማይዘዋወር የተዋጠም ሆነ በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት እዚያ በበቂ መጠን አይደርስም። ስለዚህ ዋናው ሕክምና ጥርሱን መንቀል ወይም ውስጡን ማከም፣ መግሉንም ማፍሰስ ሲሆን፣ አንቲባዮቲክ ረዳት ነው። እብጠቱ በአንድ ጥርስ ድድ ላይ ብቻ የተወሰነበት፣ ትኩሳት የሌለውና እንደወትሮው የሚጫወት ልጅ ጥርሱ ከታከመለት መድኃኒቱ ላያስፈልገው ይችላል።

መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ልጁ ሲያተኩሰው፣ ፊቱ ሲያብጥ ወይም የሰውነቱ የመከላከል አቅም የተዳከመ ሲሆን ነው። አፉን መክፈት ካቃተው፣ ምራቁን መዋጥ ተስኖት ካዝረበረበ፣ ዓይኑ አብጦ ከተከደነ ወይም ከምላሱ ሥር ያለው ሥጋ ጠጥሮ ምላሱን ወደ ላይ ከገፋው ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መግባት አለበት። የመጨረሻውን ሁኔታ ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሲሆን፣ የአየር መተላለፊያን በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል።

ኢንፌክሽኑን የሚያመጡት የአፍ ስትሬፕቶኮከስና ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በአንድነት ናቸው። አሞክሲሲሊን አብዛኞቹን ስለሚገድልና ለልጆች ስለሚስማማ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ኢንፌክሽኑ ከተዛመተ ወይም አሞክሲሲሊን ካልሠራ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዳያፈርሱት የሚከላከለው ክላቩላኒክ አሲድ የተጨመረበት አሞክሲሲሊን ይሰጣል፤ አለዚያ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች የሚገድለው ሜትሮኒዳዞል በአሞክሲሲሊኑ ላይ ይታከላል። ብዙ ሰው ለጥርስ ሕመም ሜትሮኒዳዞልን ብቻውን ገዝቶ ይሰጣል፤ ይህ መድኃኒት ግን ስትሬፕቶኮከስን ስለማይገድል ብቻውን አይበቃም። ሆስፒታል ለተኛ ልጅ አምፒሲሊን ከሰልባክታም ጋር፣ ወይም ሴፍትሪያክሶን ከሜትሮኒዳዞል ጋር በደም ሥር ይሰጣል።

አሞክሲሲሊንና አምፒሲሊን ከፔኒሲሊን ወገን ስለሆኑ፣ ወላጅ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ሲል ምን እንደደረሰበት በዝርዝር መጠየቅ ይገባል፤ ተቅማጥ ብቻ አለርጂ አይደለምና። አለርጂው እውነተኛ ከሆነ አማራጩ አለርጂው እንደበረታበት መጠን ይለያያል። ከአማራጮቹ አንዱ የሆነው ክሊንዳማይሲን የአንጀት ባክቴሪያን አዛብቶ ብርቱ ተቅማጥ ሊያስከትል ስለሚችል አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይሻል። ሌላው አንቲባዮቲክ ቴትራሳይክሊን በማደግ ላይ ያለ ጥርስን ለዘለቄታው ስለሚያበልዝ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይታዘዝም።

መጠኑ የሚሰላው በልጁ ኪሎ ነው። የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 125 ወይም 250 ሚሊ ግራም የያዘ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ጠርሙሱን ያላየች እናት ሳታውቀው ግማሹን ወይም እጥፉን ልትሰጥ ትችላለች። ዱቄቱ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ተበጥብጦ፣ በተሰጠ ቁጥርም ተንጦ፣ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቢለካ ይሻላል። ልጁ ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ተመልሶ መታየት ይኖርበታል፤ እብጠቱ ካልቀነሰ መድኃኒት ከመለወጥ በፊት ያልፈሰሰ መግል ወይም ያልተነቀለ ጥርስ መኖሩ ይመረመራል።