የየዘመኑ ፈጣን የክሪኬት ወርዋሪዎች፦ ማን ይበልጣል?

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን «ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?» ስንባባል ቢያንስ ሰዓት አለን። ኃይሌ በ1998 እ.ኤ.አ. 5,000 ሜትርን በ12:39.36 ሮጠ፤ ቀነኒሳ በ2004 ወደ 12:37.35 አወረደው። ክሪኬት ውስጥ እንዲህ ያለ የጋራ ሰዓት የለም። የወርዋሪ ቁጥር ሁሉ የሚወጣው በዘመኑ መቺዎች፣ ሜዳና ሕግ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ወርዋሪው ተንደርድሮ፣ ክንዱን ቀጥ አድርጎ፣ 160 ግራም ገደማ የምትመዝን የቆዳ ኳስ ይለቃል። ሜዳው መሐል ያለው መወርወሪያ 20 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጫፉ ላይ መቺው ከኋላው የቆሙትን ሦስት እንጨቶች በዱላው ይከላከላል፣ ነጥብም ያስቆጥራል። ወርዋሪው መቺውን ሲያስወጣ አንድ ዊኬት አገኘ ይባላል። ፈጣኖቹ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚወረውሩ መቺው የሚያስብበት ጊዜ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። ዋናው መለኪያ ለአንድ ዊኬት የተከፈለው አማካይ ነጥብ ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። ትልቁ መድረክ ደግሞ እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀው ቴስት ነው።

አማካዩን ብቻ ካየን፣ ከ150 በላይ ዊኬት ካገኙት መካከል እንግሊዛዊው ሲድኒ ባርንስ ሁሉንም ይበልጣል። እስከ 1914 ድረስ በ27 ቴስቶች 189 ዊኬት በ16.43 አማካይ አግኝቷል። ግን በዚያ ዘመን መወርወሪያው ዝናብ ሲዘንብ አይሸፈንም ነበር፤ ይህም ወርዋሪውን ይረዳ ነበር። የመጨረሻዎቹን 49 ዊኬቶች ያገኘው ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በምንጣፍ ላይ ነው፣ በአራት ግጥሚያ ብቻ።

ሕጉም ተለዋውጧል። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ላርዉድ በ1932–33 አውስትራሊያ ውስጥ የመቺዎቹን ገላ እያነጣጠረ 33 ዊኬት ሲያገኝ የራስ ቁር የሚባል ነገር አልነበረም። ቁሩ የተለመደው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ ወደ ጭንቅላት የሚነጥሩ ኳሶች ብዛት በሕግ ተገደበ።

አየሩም ድርሻ አለው። ፈጣን ወርዋሪ ኳሷን በአየር ላይ ያጣምማል፤ አየሩ ሲሳሳ መጣመሟ ይቀንሳል። ጆሃንስበርግ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከኮምቦልቻችን ትንሽ ዝቅ ብላ። ደሴ ከፍታ ላይ ቢጫወቱ ኖሮ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳባቸው ነበር! ደቡብ አፍሪካዊው ዴል ስቴይን ከ439 ዊኬቶቹ የተወሰኑትን ያገኘው እንዲህ ባለው ደጋ ሜዳ ነው። እኔ ይህን ትልቅ ነገር አድርጌ ነው የማየው።

ፍጥነት ብቻውንም አይበቃም። ፓኪስታናዊው ሾኣይብ አክታር በ2003 የዓለም ዋንጫ 161.3 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወርውሯል። የአገሩ ልጅ ዋሲም አክራም ግን ያረጀች ኳስ በማጣመም ጥበቡ ይበልጥ ይፈራ ነበር። የኒውዚላንዱ ሪቻርድ ሃድሊ ያለ ብዙ አጋዥ 431 ዊኬት አገኘ፤ በ1990 ከ400 ያለፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ጽናትን ከመዘንን እንግሊዛዊው ጄምስ አንደርሰን አለ፦ 188 ቴስት፣ 704 ዊኬት፣ በ2024 ጡረታ። ከፈጣን ወርዋሪዎች ማንም እዚያ አልደረሰም።

የእኔ ምርጫ ግን ማልኮም ማርሻል ነው። ባርቤዶስ የተወለደው ይህ ሰው ለዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን ደሴቶች የጋራ ቡድን) በ81 ቴስቶች 376 ዊኬት በ20.94 አግኝቷል። በቁመት ከብዙ ጓደኞቹ ያጥር ነበር፤ ኳሷ ግን ተስፈንጥራ መቺው አናት ላይ ትመጣለች። ፈጣን ወርዋሪ በሚቸገርበት በሕንድ ሜዳ በ1983 በስድስት ቴስት 33 ዊኬት ወሰደ። በ1984 ሊድስ ላይ የግራ አውራ ጣቱ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ ነበር። በአንድ እጁ መታ፣ ከዚያም 53 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት ሰባት መቺዎችን አስወጣ። በጎኑ ሆልዲንግና ጋርነርን የመሰሉ ኃይለኞች ነበሩ። ይህ ጫናውን ቀንሶለታል፣ እውነት ነው። ዊኬቱንም ግን ተሻምተውታል።

ዛሬ ለማርሻል አማካይ የሚቀርበው ሕንዳዊው ጃስፕሪት ቡምራ ነው። በታኅሣሥ 2024 ሜልበርን ላይ 200ኛ ዊኬቱን ሲያገኝ አማካዩ ከ20 በታች ነበር፤ ይህን ያደረገውም በተሸፈነ መወርወሪያ፣ የራስ ቁር ባደረጉ መቺዎች ላይ ነው።