የሰሜን ተራሮች በሌሊት፦ የመልክዓ ምድርና የከዋክብት ፎቶግራፍ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሰሜን ጎንደር ይገኛል። መግቢያው ደባርቅ ነው፤ ከጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም በሕግ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በመዝገቡ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ስለ ዋልያውና ስለ ገደሉ ብዙ ተጽፏል። ሌሊቱ ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

የተለመደው የእግር መንገድ ከሳንቃ በር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ ይወስዳል። ሦስቱም ካምፖች ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው። ዕቃ በበቅሎ ይጫናል፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሮ ይሄዳል። የራስ ደጀንን ከፍታ የቆዩ ካርታዎች 4,620 ሜትር ይሉታል። አሁን በብዛት የሚጠቀሰው 4,533 ነው፤ 4,550 የሚልም አለ። የኢትዮጵያ ጣሪያ መሆኑ ግን አያከራክርም።

ለሌሊት ፎቶ ዋናው ነገር የገደሉ አቅጣጫ ነው። ትልቁ ገደል ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሯል። ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ብዙም ሳይርቅ ከገደሉ በላይ ይታያል። እሜት ጎጎ በሚባለው፣ ከግጭ ካምፕ ብዙም በማይርቀው የገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ካሜራውን ወደ ሰሜን ያዞረ ሰው፣ ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ ቢደራርብ ከዋክብቱ ኮከቡን ሲዞሩት ያያል።

ፍኖተ ሐሊብን፣ ማለትም በሰማይ ላይ እንደ ነጭ ጭስ የተዘረጋውን የከዋክብት ጎዳና፣ የሚፈልግ ግን ጀርባውን ለገደሉ መስጠት አለበት። ደማቁ የመሐል ክፍል የሚወጣው በደቡብ በኩል፣ ከጓሳው ሜዳ በላይ ነው። እዚያ ደግሞ ጅብራ አለ፤ ቀጥ ብሎ የሚቆም ረጅም የደጋ ተክል ነው። «እንደ ጅብራ ተገተረ» የምንለው በከንቱ አይደለም። ጅብራ ነፋስ ቢነፍስም እምብዛም አይወዛወዝም፤ ለ20 ሰከንድ ፎቶ ከዚህ የተሻለ ሞዴል የለም።

ወቅቱን መምረጥ ያስፈልጋል። ክረምት ጉምና ዝናብ ነው። ጥቅምት ላይ የፍኖተ ሐሊብ መሐል እንደመሸ በደቡብ ምዕራብ ታይቶ ቶሎ ይጠልቃል። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ የጠራ ነው፤ ያኔ የሚገነው ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ነው። የካቲት ላይ መሐሉ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። ሚያዝያ ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከፍ ይላል፤ ያን ሰሞን የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብም ይታያል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት መያዝ ነው።

ሰፊ ሌንስ፣ ጠንካራ ትራይፖድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 2.8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) 3200 ጥሩ መነሻ ነው። ምድር ስለምትዞር በ20 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ25 ሰከንድ በላይ ከተቆየ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ሰረዝ ይሆናል። ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፤ ትርፉን ባትሪ ደረት ኪስ ውስጥ ማሳደር ይበጃል። ውርጭ ሌንሱን ስለሚያለብሰው ደረቅ ጨርቅ አይረሳ። በጨለማ ወደ ገደል ጠርዝ መጠጋት አይገባም። ቦታውን በቀን አይቶ ምልክት ማድረግ፣ ሌሊት ደግሞ የስካውቱን ቃል መስማት ነው።

ሲነጋ ካሜራው ቶሎ አይሰብሰብ። ጭላዳዎች የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው። ፀሐይ ስትሞቅ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጣሉ።