ለጉበት ብቻ የሚሰጥ ኬሞ ምንድን ነው?

«ልጄ፣ ያመመኝ ጉበቴ፤ ፀጉሬ ምን አጠፋ?»

አክስቴ ይህን የጠየቀችኝ አጥሚት ይዤላት አዘዞ ቤቷ የሄድኩ ቀን ነው። ካንሰሩ ከአንጀቷ ተነስቶ ጉበቷ ላይ አርፏል። ኬሞ ከጀመረች ወዲህ አፏ ቆስሎ በርበሬ የነካው ነገር አታስጠጋም። ሻሿን ፈታ ሚዶዋ ላይ የቀረውን ፀጉር አሳየችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነው። በክንድ ደም ስር የሚገባ ኬሞ መላ ሰውነት ይዞራል። የሚያጠቃው ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ነው። የፀጉር ሥር፣ የአፍ ውስጥ ቆዳና መቅኒም ቶሎ ስለሚባዙ አብረው ይጎዳሉ።

ጉበት ደግሞ ደም የሚያገኘው ከሁለት በኩል ነው። ሦስት አራተኛ ያህሉ ከአንጀት በሚመጣ ደም መልስ ይገባል፤ ቀሪው በደም ቅዳ። ጉበት ላይ ያደገ እጢ ግን በአብዛኛው የሚጠባው ከደም ቅዳው ነው። ሐኪሞች ይህን ይዘው ከብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከዚያ ደም ቅዳ ያደርሳሉ፤ መድኃኒቱን እዚያው ያፈሳሉ።

ችግሩ የገባው ደም ወጥቶ ወደ ልብ መሄዱ ነው። ጎንደሬ እዚህ ጋ የፋሲልን መዋኛ ያስብ። ለጥምቀት ውሃው ከቀሃ በቦይ ይገባል፤ መግቢያውም መውጫውም በሰው እጅ ነው። ጉበትም ላይ መውጫው ይያዛል። ደሙ በሚወጣበት ትልቅ ደም መልስ ውስጥ ሁለት ፊኛዎች ይነፋሉ፤ አንዱ ከጉበት መውጫ በላይ፣ አንዱ በታች። መሃል የታገደው ደም በቱቦ ከሰውነት ውጭ ይወጣል። ማጣሪያ ውስጥ ሲያልፍ መድኃኒቱን ጥሎ በአንገት በኩል ይመለሳል። መድኃኒቱ ሜልፋላን ይባላል፤ የሚፈሰው ለ30 ደቂቃ ያህል ነው፤ ማጣራቱ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ታካሚው ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል።

«ብቻ» የምትለዋን ቃል ግን በጥንቃቄ ያዟት። ማጣሪያው ሁሉንም አያስቀርም፤ የደም ሴሎች ቁጥር ይወርዳል፣ የመድማት ስጋትም አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 እ.ኤ.አ. የፈቀደውም ዓይን ውስጥ ተነስቶ ጉበት ላይ ለተዛመተ ሜላኖማ ነው። ይህ ካንሰር ሲዛመት ከሁሉ በላይ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው።

አክስቴ ሳንባዋም ላይ ታይቶባታል። ጉበቷ ብቻ ቢታከም ለሳንባዋ ማን ይደርስላታል? መላ ሰውነት የሚዞረው ኬሞ የተመረጠላት ለዚህ ነው። ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። «ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ምናለ» አለችና አጥሚቱን ሳብ አደረገች።